ስለ ዝናብ መዋዠቅና ስለ ልማት ሠራተኞች ሥልጠና

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የእርሻ ጉዳይ ነው። «በከተማ እድር ውስጥ ስለ እርሻ ማውራት ምን አመጣው?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። ነገር ግን ከመካከላችን በገጠር ወንድም ወይም አጎት የሌለው ስንት ሰው ነው? የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ማጀቱን የማያስብስ ማን አለ? ከዚህም ሌላ ከእድራችን አባሎች ልጆች መካከል በግብርና ኮሌጅ ተምረው በየገጠሩ ቀበሌ በልማት ሠራተኛነት የተመደቡ አሉ። ለፋሲካ ሲመጡ ጫማቸው አልቆ፣ ፊታቸውን ፀሐይ መትቶት እናያቸዋለን። እነዚህ ልጆች ለገበሬው ምን ብለው እንደሚመክሩ፣ ምክሩንም ከየት እንደሚማሩት ማወቅ ለእኛም የሚገባ ነገር ነው።

እኛ ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ሥራችንም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እስከ ወጣንበት ጊዜ ድረስ በወሎ ቆላ በአንድ የወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ ነበር። ስለዚህ በእርሻ ባለሙያነት አንናገርም። ሆኖም የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ነገር አለው። ኃላፊው ይሾማል ይሻራል፣ ባለሙያው ይዛወራል፣ ፋይሉ ግን እኛው ዘንድ ይቀራል። የ1977ቱን ድርቅ ደብዳቤዎች መዝግበናል፤ የ2007ቱንም መዝግበናል። በነዚያ ዓመታት መካከል የተጻፈውን ስናነጻጽር የታዘብነውን ነው ዛሬ የምናቀርበው።

ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ፣ በሀገራችን ገበሬውን የማማከር ሥራ ረጅም መንገድ ሄዷል። በአሩሲ በጭላሎ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው ድርጅት ሥራ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ በ1964 ዓ.ም. ገደማ «ሚኒመም ፓኬጅ» የሚባለው መጣ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በግማሽ ሄክታር ማሳያ መሬት ላይ የሚሠራው አዲሱ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ተጀመረ። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህም የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኛ፣ ማለትም አንድ በሰብል፣ አንድ በእንስሳት፣ አንድ በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠነ እንዲመደብ ታቀደ። በብዛቱ በኩል እንግዲህ ትልቅ ሥራ ነው።

ታዲያ ስሙ በየጊዜው ቢለዋወጥም የምክሩ ጠባይ ብዙ አልተለወጠም። ምርጥ ዘር ዝሩ፣ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ጨምሩ፣ በወቅቱ አርሙ የሚል ነበር። ይህ ምክር ሐሰት ነው አንልም። ዝናቡ ባማረበት ዓመት ያንን ምክር ሰምቶ እጥፍ ምርት ያፈሰ ገበሬ በዓይናችን አይተናል። ግን ምክሩ የተሰናዳው ዝናቡ እንደ ልማዱ ይመጣል ተብሎ ነው። ዝናቡ በቀረበት ዓመት ገበሬው ማዳበሪያውን በብድር ስለ ወሰደ፣ እህሉን አጥቶ ዕዳው ብቻ ቀረበት። በእኛ መዝገብ ቤት «የማዳበሪያ ብድር ማስመለስ» የሚል አራት ክላሰር የሞላ ፋይል ነበረ። «የዝናብ ሁኔታ» የሚለው ፋይል ግን ከአንድ ክላሰር አላለፈም፤ እሱም ግማሹ ባዶ ነበር።

የ1994 ዓ.ም. ነገር ለብዙዎቻችሁ ትዝ ይላችኋል። ከዚያ ቀደም ምርቱ ጥሩ ስለ ነበረ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። ዋጋው የማጓጓዣውን እንኳ አይችልም ብለው በቆሎውን ማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ብድሩን ለመክፈል ያቃተው ለሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ቀነሰ። የዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ሳያጠግብ አለፈና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። እህል ከመጠን በላይ ተርፎ ከተጣለበት ጊዜ እስከዚያ ድረስ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። የልማት ሠራተኛው ግን ለጥጋቡም ለድርቁም በእጁ የያዘው ወረቀት ያው አንድ ወረቀት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ለነዚህ ልጆች የሚሰጠው ሥልጠና ምን ይጨመርበት ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የልማት ሠራተኛ ዝናብን መቁጠር ይማር። ገበሬው «ዘንድሮ ዝናቡ ደኅና ነው» ይላል፤ ጽሕፈት ቤቱም ይህንኑ ተቀብሎ «ዝናቡ አጥጋቢ ነው» ብሎ ወደ ላይ ይጽፋል። ስንት ዘነበ? መቼ ጀመረ? መካከል ላይስ ስንት ቀን ተቋረጠ? ይህን የሚመልስ ወረቀት እኛ ዘንድ እምብዛም አልገባም። የዝናብ መለኪያው ዕቃ እኮ ውስብስብ አይደለም፤ መስመር የተሰመረበት ጣሳ ማለት ይቻላል። ጠዋት በ3 ሰዓት ይታያል፣ በደብተር ይጻፋል፣ ውሃው ይደፋል፣ ይኸው ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር በሆነ ማሳ ላይ 2,500 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንሰፍረው 125 ጀሪካን ነው። ውሃ በጀርባዋ የምታመላልስ ሴት ይህን ስትሰማ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

በምዕራብ አፍሪካ በማሊ ሀገር ከ1974 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ያን ጊዜ እነሱንም ድርቅ አድቅቋቸው ስለ ነበረ፣ ይህንኑ ሥራ ጀምረዋል። ለገበሬው ራሱ የዝናብ መለኪያ ተሰጠው። የሜትሮሎጂና የእርሻ ሰዎችም በየአሥር ቀኑ ተሰብስበው ምክራቸውን በሬዲዮ ያስነግሩ ነበር። ገበሬው በሬዲዮ የሰማውን ከራሱ ጣሳ ጋር እያስተያየ ለመዝራት ይወስናል። ድኻ ሀገር ስለሆንን አይቻለንም የሚል ሰው ይህንን ቢያስብ መልካም ነው።

ሁለተኛው ነገር የዝናብን መጀመሪያ ማወቅ ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ዘር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በግንቦት መጨረሻ ሁለት ቀን ይዘንባል፤ ሰው ሁሉ «ገባ!» ብሎ ይዘራል፤ ከዚያ ሰማዩ ሁለት ሳምንት ይዘጋና ቡቃያው ይደርቃል። እንደገና ለመዝራት ዘር ከየት ይምጣ? የእርሻ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መለኪያ አላቸው። በተከታታይ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊሜትር ያህል ከዘነበ፣ ቀጥሎ ባሉት 30 ቀኖችም ውስጥ ከ9 ቀን የሚበልጥ ደረቅ ጊዜ ካልገባበት፣ ያን ጊዜ ዝናቡ በእውነት ጀመረ ይባላል። ወደፊት የሚመጣውን 30 ቀን አስቀድሞ ማየት አይቻልም። ነገር ግን ባለፉት 20 ወይም 30 ዓመታት በዚያ አካባቢ ዝናቡ ቶሎ ጀምሮ የከዳው ስንት ጊዜ ነው ብሎ ከመዝገብ መቁጠር ይቻላል። ይህንን በሥዕል አድርገው፣ በካሬ ወረቀት ላይ የየዓመቱን እንጨት እያቆሙ ለልማት ሠራተኞች የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች በአፍሪካ በብዙ ሀገር ተጀምረዋል፤ በእኛም ሀገር ተሞክሯል። ገበሬዎቹ ሥዕሉን ከበው ሲያዩ የየዓመቱን ነገር ራሳቸው ያስታውሱታል። «ይቺ አጭሯ 77 ናት» ይላሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲባል ሰምተን እኛም ዝም ብለን ቆመናል።

ሦስተኛው፣ ከባዱም፣ ትንበያን መናገር ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከተቋቋመ ወዲህ በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል። የክረምቱ ወደ ግንቦት መጨረሻ ገደማ ይወጣል። የሚወጣበትም ቋንቋ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» የሚል ነው። ይህ ምን ማለት ነው? የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ይደረደራል። 10ሩ ብዙ የዘነበባቸው፣ 10ሩ መካከለኛ፣ 10ሩ ጥቂት የዘነበባቸው ይሆናሉ። የዘንድሮው ከየትኛው ወገን ሊሆን እንደሚችል በመቶኛ ይነገራል። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 ይላል።

ይህ ወረቀት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ ሲወርድ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ቁጥሩ በየጠረጴዛው እየረገፈ ይመጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ «ዘንድሮ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ስለሚሆን አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግ» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። የልማት ሠራተኛው ደግሞ ለገበሬው «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ይለዋል። ከአምስት አንድ ጊዜ ብዙ ሊዘንብ እንደሚችል የተጻፈው በመንገድ ቀርቷል። ታዲያ ዝናቡ ደኅና ከመጣ ያ ልጅ ዋሾ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት እውነት ቢናገርም የሚሰማው የለም። «መደበኛ» የሚለውም ቃል ችግር አለበት። ገበሬው መደበኛ ሲባል በቂ ማለት ይመስለዋል። በቆላ አገር ግን መደበኛው ራሱ ለረጅም ማሽላ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። «ዕድል» የሚለውንም ቃል ብንተወው ይሻላል ባይ ነን። «45 ከመቶ ዕድል አለ» ሲሉት ሰው «ዕድል የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ይሄዳል። «እንደ ዘንድሮ ያለ ምልክት ከታየባቸው 20 ዓመታት በዘጠኙ ዝናቡ ያንሳል» ቢባል ግን ይቆጥረዋል።

ይህን ለማስተማር አንድ ሥልጠና ላይ ያየነው ዘዴ ደስ ይላል። አሠልጣኙ በከረጢት 20 ፍሬ ቦሎቄ አመጣ፤ 9 ጥቁር፣ 7 ቀይ፣ 4 ነጭ። ጥቁሩ ድርቅ፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ነጩ ብዙ ዝናብ ነው። ሠልጣኙ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ፍሬ ያወጣል። የመጀመሪያው ልጅ ነጭ አወጣ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ «ትንበያው ዋሸ!» አሉ። አሠልጣኙ ፍሬውን መልሶ እየጨመረ ከረጢቱን ለሁሉም አዳረሰው። ሠላሳው ሠልጣኝ አውጥቶ ሲጨርስ ጥቁሩ በዝቶ ተገኘ፤ ሳቁም ቆመ። ከኮሌጅ የተመረቁት ልጆች የመቶኛ ስሌት አያውቁም ማለታችን አይደለም፤ ከረጢቱን በእጅ መዳሰሱ ግን ሌላ ነው።

እኛ የእድር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ የምናውቀው ይመስለናል። ዘንድሮ ከመካከላችን የማን ቤት እንደሚያዝን የሚያውቅ የለም፤ አይወቅም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ በዓመት ስንት ኀዘን እንደሚደርስ ገንዘብ ያዣችን ከመዝገቡ በግምት ያውቃል። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ገዝተን ያስቀመጥነው በዚያ ግምት ነው። ማንም ሳይሞት ያለፈ ወር ስለ ነበረ መዋጮው ከንቱ ነው ያለ አባል አልሰማንም። ልማት ሠራተኛው ስለ ዝናብ በዚህ ዓይነት እንዲናገር ቢሠለጥን፣ የገበሬውም ቀየ እድር ስላለው ባዕድ ነገር አይሆንበትም።

መናገሩ ብቻ ግን ምን ይሠራል? ገበሬው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይላል። እዚህ ላይ ምርጫ ማቅረብ ያስፈልጋል። የምናውቀውን የቆቦንና የራያን ቆላ እንውሰድ። እዚያ ረጅሙ ማሽላ በሚያዝያ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ይቆማል። ምርቱም አገዳውም ብዙ ነው፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለቤት ክዳን ይውላል። በልጉ ከቀረ ግን በሰኔ ረጅሙን ማሽላ መዝራት ትርፉ ድካም ነው፤ ፍሬ ሳይይዝ ዝናቡ ይወጣበታል። ያን ጊዜ በሐምሌ መጀመሪያ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ለምሳሌ መልካም የተባለው ከመልካሳ ምርምር ጣቢያ የወጣው አለ። ያም ካልሆነ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ አለ፤ ጸደይ የሚባለው ከደብረ ዘይት ምርምር ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. የወጣ ነው። ክረምቱም ቢጨናገፍ በመረሬ መሬት ላይ በመስከረም ሽምብራ መዝራት ይቻላል፤ ሽምብራ መሬቱ በያዘው እርጥበት ይደርሳል። የአገሬው ገበሬ ይህንን መሰላል ዱሮም ያውቀዋል። የሚጎድለው ዘሩ በጊዜው መገኘቱ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ዘር በነሐሴ ወረዳ ቢደርስ ማን ይዘራዋል? በነሐሴ የደረሰ ዘር በእጃችን መዝግበናል፣ ዝምታም አያምርብንም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከገበሬው ጋር ሆኖ «በልጉ እስከዚህ ቀን ካልመጣ ይህን እንዘራለን» የሚል ዕቅድ በጥር ሊጽፍ፣ የዘሩንም ጥያቄ ያን ጊዜውኑ ለወረዳ ሊልክ ይገባዋል። ይህንን መጻፍ የሥልጠናው አንድ ክፍል መሆን አለበት።

ውሃ የማቆየቱም ነገር አለ። ገበሬው ሽልሻሎ ይላል፤ ማሽላው ጉልበት ድረስ ሲደርስ በመካከሉ በበሬ ማረስ ነው። አረሙን ይነቅላል፣ ዝናቡንም ያስገባል። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ቦዩን በየጥቂት ርቀቱ በአፈር እያሰሩ ውሃ እንዳይሸሽ ማድረግ በደረቅ አገር ምርት እንደሚጨምር አረጋግጠዋል። የራያ ሰው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት የተማረው ከአባቶቹ ነው። ልጆቹ ከኮሌጅ ሲመጡ ይህን እንደ ኋላ ቀር ነገር እንዳያዩት በሥልጠናው ጊዜ ከሽማግሌ ጋር ማሳ ላይ ቢውሉ መልካም ነው። ስለ ዘመነ ማቴዎስና ስለ ዘመነ ዮሐንስ ጠባይ የሚነገረውን፣ ወይም በቦረና ኮከብ የሚያዩ አያንቱዎች የሚሉትን የግድ ይመኑ አንልም። ግን የሚሳለቅ ልጅ የቡና ጥሪ አያገኝም፤ ቡና ካልተጠራ ደግሞ ማንም ችግሩን አይነግረውም።

እዚህ ላይ በየአገሩ ያለው ልዩነት ሊነሣ ይገባል። ኤልኒኞ የሚባለው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከልማዱ ሲሞቅ የሚመጣው ለውጥ፣ በሰሜንና በመካከለኛው ሀገራችን የክረምቱን ዝናብ ብዙ ጊዜ ያሳንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ፈለገ። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ግን ያው ኤልኒኞ የመጸውን ዝናብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ጎርፍ ያመጣል። እዚያ የሚያደርቀው ተቃራኒው ላኒና የሚሉት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ አለቀ። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ለሀገሩ ሁሉ ልማት ሠራተኛ ማደል የማይሆን ነገር ነው። ሙቀቱም ቢሆን እየጨመረ ሄዷል፤ ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሀገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል ተብሎ ተጽፏል። የልጆቹ አያት የሚያውቀው የመዝሪያ ቀን ዛሬ ላይሠራ የሚችለው በዚህም የተነሣ ነው።

አሁን ስለ ሥልጠናው አሰጣጥ እንናገር፤ ይሄ እኛ በደንብ የምናውቀው ነው፣ የፊርማው ሊስት በእጃችን ያልፍ ነበርና። ከላይ አምስት ቀን የሚሰጠው ትምህርት ዞን ሲደርስ ሦስት ቀን፣ ወረዳ ሲደርስ ሁለት ቀን ይሆናል፤ ቀበሌ ሲደርስ ከምሳ በፊት ያልቃል። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት ሠልጥኗል» ይላል። የሠለጠነው ሰው በሰኔ ምን እንደሠራ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አልነበረም። የነበርንበት ጽሕፈት ቤት በአንድ ዓመት የዝናብ ሥልጠናውን በጥቅምት ሰጠ፤ በጀቱ የተለቀቀው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው አሉን። እህሉ ሊታጨድ ነው እኮ! ሥልጠና በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ቢሰጥ ይመረጣል። አንዱ ከበልግ በፊት፣ መዝገቡን ለማየትና ዕቅድ ለማውጣት፤ ሁለተኛው የክረምቱ ትንበያ እንደወጣ፤ ሦስተኛው ከመኸር በኋላ፣ ምን እንደሆነ ለመነጋገር ነው። ሦስተኛው ሁልጊዜ የሚዘለለው ነው፣ ትምህርቱ ግን እዚያ ነው ያለው።

ልማት ሠራተኛውም ጊዜ ያስፈልገዋል። ማዳበሪያ ሲያከፋፍል፣ ብድር ሲያስመልስ፣ ስብሰባ ሲጠራ የሚውል ልጅ የዝናብ ደብተር መቼ ይጽፋል? ብድር አስመላሽና መካሪ አንድ ሰው ሲሆንስ ገበሬው እንዴት ልቡን ይከፍትለታል? ሴት ገበሬዎችም አሉ። ባላቸው የሞተባቸው፣ በሬ የሌላቸው፣ ማሳቸው ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚታረስላቸው እነሱ ናቸው፤ በቶሎ የሚደርስ ዘር ከማንም በፊት ለእነሱ ያስፈልጋል። ልማት ሠራተኛው ግን ስብሰባ የሚጠራው አባወራውን ነው። ከ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ገበሬው በስልክ 8028 ደውሎ ምክር የሚሰማበት መንገድም ተከፍቷል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስልክ የገበሬውን ማሳ ረግጦ አያይም።

ስለ ኢንሹራንሱ ብዙ ሰው ስለጠየቀን ጥቂት እንበል። በትግራይ አዲ ሐ በምትባል ቀበሌ በ2001 ዓ.ም. 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው የዝናብ ኢንሹራንስ ገቡ። ገንዘብ የሌለው መዋጮውን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ተፈቀደ። ክፍያው የሚወሰነው በሳተላይት በሚለካው ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ከተወሰነው ካነሰ ይከፈላል። ማሳ ለማሳ እየዞረ የሚያይ ሰው ስለማያስፈልግ ወጪው ያንሳል። ነገር ግን ሳተላይቱ ዘነበ ብሎ የአንተ ማሳ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የእኛ እድር ኀዘኑን በዓይኑ አይቶ ነው የሚከፍለው፤ ያኛው ሰማዩን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ልዩነት ገበሬው ከመፈረሙ በፊት የሚያስረዳው ልማት ሠራተኛው ነው፤ እሱ ራሱ ካልገባው ግን ገበሬው የሚጣላው ከእሱ ጋር ነው።

በመጨረሻ ከእድራችን አባል የአንዱ ሴት ልጅ የነገረችንን እናንሣ። በልማት ሠራተኛነት አምስት ዓመት ሆኗታል። በአንድ ዓመት በግንቦት ዝናብ ገባና ሰው ሁሉ ሊዘራ ተነሣ። እሷ የቀበሌውን መዝገብ አይታ ነበር። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ልዝራ ወይስ ልተው?» አሏት። «አባቴ፣ በግንቦት እንዲህ ቀድሞ ከገባባቸው 10 ዓመታት በአራቱ ቡቃያው ደርቋል፤ በስድስቱ ደኅና ሆኗል። የዘንድሮውን እኔም አላውቅም» አለቻቸው። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና ከሦስቱ ጥማዳቸው ሁለቱን ዘሩ፣ የአንዱን ዘር አስቀመጡ። ጎረቤታቸው ሙሉውን ዘራ፤ ሌላው ምንም አልዘራም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ሙሉውን የዘራው የበለጠ አገኘ። ልጅቷ አፍራ ነበር። አዛውንቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ራሳቸው መጥተው «ያንን ደብተርሽን አምጪው እስቲ» አሏት። አሁን በዚያ ቀበሌ የዝናብ መለኪያውን ጠዋት ጠዋት የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ስለሆኑ የልጅ ልጃቸው ይጽፍላቸዋል።

እንግዲህ የክረምቱ ትንበያ የሚወጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ፋሲካ ከዚያ በፊት ነው። ልጆቻቸው በልማት ሠራተኛነት ያሉ አባሎች፣ ልጆቹ ለበዓል ሲመጡ ከዳግም ትንሣኤ በፊት ባለው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእድራችን ቤት እንዲገናኙ ቢያደርጉልን እንወዳለን። የየቀበሌያቸውን የዝናብ ደብተር ይዘው ቢመጡና እርስ በርሳቸው ቢነጋገሩ፣ እኛም ገጠር ላለው ዘመዳችን የምንነግረው ነገር እናገኛለን። ስም የሚመዘግበው የእድራችን ጸሐፊ ነው። ቡናውን እናፈላለን።